ሰዘርን ሮክ፦ አድናቂው ለምን ሙጭጭ አለ?

ሰዘርን ሮክ በ1960ዎቹ መጨረሻ በአሜሪካ ደቡባዊ ግዛቶች፣ በተለይ በጆርጂያና በፍሎሪዳ የተወለደ ሙዚቃ ነው። ብሉዝ፣ ካንትሪ፣ ጎስፔልና ሶል ገብተውበታል፤ አንዳንዱ ባንድ ጃዝም ጨምሮበታል። የገነነበት ዘመን አጭር ነው። ከ1969 እስከ 1979 ብንል ብዙ አንሳሳትም (ዓመቶቹም ወሮቹም ቀኖቹም ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። የሚገርመው ከዚያ ወዲህ ያለው ነው። ከመሥራቾቹ አብዛኞቹ ሞተዋል፣ ፋሽኑም ካለፈ ቆይቷል፣ አድናቂው ግን ንቅንቅ አላለም። ኮንሰርቱ ላይ ሽበታም አባት ከነልጁ ቆሞ ታያለህ። ናፍቆት ነው የሚሉ አሉ። እኔ ግን ዋናው ምክንያት ናፍቆት አይመስለኝም። ይህ ሙዚቃ ከመጀመሪያው የተሠራው መድረክ ላይ እንዲረዝም፣ ሰው ቆሞ እንዲሰማው ነው። ስለዚህ አልበሙን ገዝቶ የጨረሰ አድናቂ ገና አልጨረሰም።

ነገሩ የሚጀምረው ማኮን ከምትባል የጆርጂያ ከተማ ነው። ከአትላንታ በአይ-75 አውራ ጎዳና ወደ ደቡብ ምሥራቅ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ቢነዳ ይደረስባታል። አትላንታና ክላርክስተን አካባቢ የምትኖሩ ወገኖች ወደ ፍሎሪዳ ስትወርዱ ሳታውቁት አልፋችኋት ይሆናል። ዘፋኙ ሊትል ሪቻርድ የተወለደባት፣ የሶል ዘፋኙ ኦቲስ ሬዲንግ ያደገባት ከተማ ናት። ፊል ዋልደን የሚባለው የማኮን ልጅ የኦቲስ ሬዲንግ ማናጀር ነበር። ኦቲስ በታኅሣሥ 1967 በአውሮፕላን አደጋ በ26 ዓመቱ ሲሞት ዋልደን ቅስሙ ተሰበረ። ከዚያ በ1969 ከአጋሮቹ ጋር ካፕሪኮርን ሬከርድስ የሚባለውን የሙዚቃ አሳታሚ ኩባንያ አቋቋመ። የኩባንያው ዋና ባንድ የሆነው ኦልማን ብራዘርስ ባንድም በዚያው ዓመት መጋቢት ላይ ፍሎሪዳ ጃክሰንቪል ውስጥ ተመሥርቶ ወደ ማኮን ተዛወረ።

ባንዱ 6 ሰው ነበር። ዱዌን ኦልማን በጊታር፣ ታናሽ ወንድሙ ግሬግ በድምፅና በኦርጋን፣ ዲኪ ቤትስ በሁለተኛ ጊታር፣ ቤሪ ኦክሊ በቤዝ ጊታር፣ ቡች ትራክስና ጄይሞ በድራም። አዎ፣ ድራመሩ ሁለት ነው። ጄይሞ ጥቁር ነው፤ ከዚያ በፊት ከኦቲስ ሬዲንግ ጋር ይጫወት ነበር። በ1969 በአሜሪካ ደቡባዊ ግዛቶች ውስጥ፣ ማለትም በሕግ የተደነገገው የዘር መለያየት በቀረ በጥቂት ዓመታት ውስጥ፣ ጸጉራቸውን ያስረዘሙ ነጮችና አንድ ጥቁር አብረው ሲኖሩና ሲዞሩ ማየት ለብዙ ሰው የሚዋጥ አልነበረም። ገንዘብም አልነበራቸውም። ኤች ኤንድ ኤች የሚባል የጥቁሮች ምግብ ቤት ገብተው ጥቂት ሳህን አዝዘው ይካፈሉ ነበር። የቤቱ ባለቤት እማማ ሉዊዝ ይህን ስታይ ዝም ብላ ታበላቸው ጀመር። ሲሳካላቸው አልረሷትም፤ በ1972 ለኮንሰርት ጉዞ ይዘዋት ሄዱ። አድናቂው ይህን ታሪክ ከማንኛውም ሽልማት በላይ ይወደዋል። ማኮን የሄደ ሁሉ እዚያ ቤት ሳይበላ አይመለስም።

ሙዚቃው ራሱስ? አብዛኛው የሮክ ባንድ አንድ ጊታር ዜማውን ሲመራ ሌላው ያጅባል። ዱዌንና ዲኪ ግን ሁለቱም መሪ ነበሩ። አንዴ ጎን ለጎን አንድ ዓይነት ዜማ በተለያየ ከፍታ ይጫወታሉ፣ አንዴ ደግሞ አንዱ የጀመረውን ሌላው ይቀበለዋል፤ አዝማሪ ከታዳሚ የተወረወረለትን ግጥም ተቀብሎ እንደሚያስረዝመው። ዱዌን የመድኃኒት ብልቃጥ ጣቱ ላይ አጥልቆ ክሩን በማንሸራተት ነበር የሚጫወተው። ስላይድ ይሉታል። ድምፁ ከጊታር ይልቅ ወደ ሰው ድምፅ የሚጠጋ ነው። ይህን ሁሉ ለመስማት ሰዉ እስካሁን የሚመለስበት አልበም በመጋቢት 1971 ኒውዮርክ ፊልሞር ኢስት በሚባል አዳራሽ በቀጥታ ተቀርጾ ሐምሌ ላይ የወጣው ነው። ሁለት ሸክላ ሆኖ ዘፈኑ 7 ብቻ ነው። የመጨረሻው 23 ደቂቃ ገደማ ስለሚፈጅ የሸክላውን አንድ ገጽ ለብቻው ይዞታል። ሬዲዮ እንዲህ ያለውን አያጫውትም። አድናቂ ግን የትኛው ደቂቃ ላይ ቤዙ እንደሚቀየር፣ የት ጋ ከበሮው ዝም እንደሚል በቃሉ ያውቀዋል። በሌላ ምሽት ደግሞ ያው ዘፈን በሌላ መንገድ ስለሚሄድ የኮንሰርት ቅጂ እየቀዱና እየተለዋወጡ ማወዳደር ልማድ ሆነ። ሙዚቃውን ዕድሜ የሰጠው አንዱ ነገር ይሄ ልማድ ነው።

አልበሙ ብዙ መሸጡ በይፋ በተመዘገበ በ4ኛው ቀን፣ ጥቅምት 29 ቀን 1971፣ ዱዌን ማኮን ውስጥ በሞተር ብስክሌት አደጋ ሞተ። 24 ዓመቱ ነበር። ዓመት አልፎ ጥቂት ቀን ሲቆጠር ቤሪ ኦክሊ ከዚያ ቦታ ብዙም ሳይርቅ በሞተር ብስክሌት አደጋ ሞተ። እሱም 24 ዓመቱ ነበር። ይሄ ለማመን የሚከብድ ነገር ነው። ባንዱ ግን አልተበተነም። በ1973 ያወጡት ዘፈን በአሜሪካ ሰንጠረዥ 2ኛ ደረጃ ደረሰ። በዚያው ክረምት ኒውዮርክ ግዛት ዋትኪንስ ግሌን ላይ ከሌሎች ሁለት ባንዶች ጋር ሲጫወቱ የተሰበሰበው ሕዝብ 600,000 ገደማ እንደነበር ይገመታል።

ሌላው ትልቅ ስም ሊነርድ ስኪነርድ ነው፤ እሱም የጃክሰንቪል ልጆች ባንድ። ስሙን የወሰዱት ጸጉራችሁን ተቆረጡ እያለ ያስቸግራቸው ከነበረ የስፖርት አስተማሪያቸው ነው፤ ፊደሉን አጣመው። እነዚህ ከኦልማኖቹ ይለያሉ። ኦልማኖቹ መድረክ ላይ ይፈጥራሉ፤ ስኪነርዶች ግን እያንዳንዱን ሶሎ (ጊታሩ ብቻውን የሚመራበትን ክፍል) ቤት ውስጥ አዘጋጅተው ጨርሰው ነው የሚመጡት። ፍሎሪዳ ገጠር ውስጥ ማቀዝቀዣ በሌላት የቆርቆሮ ጎጆ በዚያ ሙቀት ቀኑን ሙሉ ይለማመዱ ነበር፤ ጎጆዋን ሲኦል ቤት ብለው ነበር የሚጠሯት። ዘፋኙ ሮኒ ቫን ዛንት መድረክ ላይ በባዶ እግሩ ይወጣል፣ የሚዘፍነውም ስለ ሠራተኛ ሰው፣ ስለ እናት ምክር፣ ስለ መጠጥ ቤት ጠብ ነው። ጊታሩ ሦስት ነው። «ፍሪ በርድ» የምትባለው ዘፈናቸው በአልበም ላይ 9 ደቂቃ ናት፤ በዝግታ ትጀምርና የጊታሩ ሩጫ ሲነሳ ማቆሚያ የላትም። እስካሁን አሜሪካ ውስጥ ምንም ዓይነት ባንድ ይጫወት፣ ከሕዝቡ መሃል አንዱ ስሟን ጮኾ ሳይጠራ አይቀርም። ቀልድ ሆናለች፣ ትንሽም አሰልቺ ቀልድ።

ጥቅምት 20 ቀን 1977 የተከራዩት አውሮፕላን ነዳጅ ጨርሶ ሚሲሲፒ ውስጥ ጊልስበርግ አጠገብ ጫካ ላይ ወደቀ። 6 ሰው ሞተ። ከነሱ መሃል ሮኒ፣ ጊታሪስቱ ስቲቭ ጌንስና እህቱ ካሲ ነበሩ። አዲሱ አልበማቸው ከወጣ 3 ቀኑ ብቻ ነበር፤ ሽፋኑ ላይ ባንዱ በእሳት ተከቦ ይታይ ስለነበር ወዲያው ተቀየረ። ከ10 ዓመት በኋላ በ1987 የተረፉት ተሰባስበው የሮኒን ታናሽ ወንድም ጆኒን ዘፋኝ አድርገው ተመለሱ።

አሁን ወደማይመቸው ክፍል እንምጣ። ሊነርድ ስኪነርድ ለዓመታት ከጀርባው የኮንፌደሬሽኑን ባንዲራ ይሰቅል ነበር። ይህ ባንዲራ ከ1861 እስከ 1865 ባርነትን ለማቆየት የተዋጉት ግዛቶች የጦር ባንዲራ ነው። ለብዙ ነጭ አድናቂ የአገር ቤት ምልክት ነው፤ ለጥቁር አሜሪካዊ ምን ማለት እንደሆነ መናገር አያስፈልግም። በ2012 ባንዱ መጠቀሙን እንደተወ ሲናገር አድናቂው ተቆጣ፣ ባንዱም ቃሉን አለሳለሰ። እኔ ይሄንን ማለሳለስ አልወድላቸውም። ግን ሙዚቃውን በባንዲራው ብቻ የሚያየውም ግማሹን ነው የሚያየው። በ1974 የወጣችው «ስዊት ሆም አላባማ» የካናዳው ዘፋኝ ኒል ያንግ ደቡቡን በጅምላ ወቀሰ ተብሎ የተሰጠች መልስ ናት። ከጀርባ ከሚያጅቡት ድምፆች አንዷ ጥቁሯ ዘፋኝ ሜሪ ክሌይተን ናት። ከጻፏት ከሦስቱ ሰዎች ደግሞ አንድም የአላባማ ሰው የለም፤ ሁለቱ የፍሎሪዳ፣ አንዱ የካሊፎርኒያ ልጆች ናቸው። የአላባማ ግዛት ግን የዘፈኗን ስም በመኪና ታርጋ ላይ አትማለች። ሮኒ ደግሞ በመጨረሻው አልበም ሽፋን ላይ የኒል ያንግ ምስል ያለበት ቲሸርት ለብሷል። ያው ሮኒ በ1975 ርካሽ ሽጉጥን የሚያወግዝ ዘፈን ዘፍኗል። ይሄ መጣረስ አድናቂውን ለዘላለም ሲያከራክረው ይኖራል። የሚከራከር ሰው ደግሞ ትቶ አይሄድም።

ከሁለቱ ሌላ ብዙ ባንድ ነበር። ከሳውዝ ካሮላይና ስፓርታንበርግ የመጣው ማርሻል ተከር ባንድ ዋሽንት ጨመረበት። ቻርሊ ዳንኤልስ በቫዮሊኑ ወደ ካንትሪ ሳበው። ሞሊ ሃቼት፣ ብላክፉትና .38 ስፔሻል ሦስቱም ከጃክሰንቪል ወጡ፤ ያቺ ከተማ ምን ብትጠጣ ነው ያስብላል። ሙዚቃው ፖለቲካም ነክቷል። በ1975 የቀድሞው የጆርጂያ ገዥ ጂሚ ካርተር ለፕሬዝዳንትነት ሲወዳደር ብዙ ሰው አያውቀውም፣ ገንዘብም አጥሮት ነበር፤ ያኔ ኦልማኖቹ በኅዳር ወር ሮድ አይላንድ ፕሮቪደንስ ላይ ኮንሰርት አዘጋጅተው ገንዘብ አሰባሰቡለት። በ1979 ካፕሪኮርን ከሰረ፣ ዲስኮና ኒው ዌቭ የሚባሉት የሙዚቃ ስልቶች ሬዲዮውን ያዙ፣ የዘውጉም ዘመን አለቀ ተባለ።

አላለቀም። ኦልማን ብራዘርስ በ1989 እንደገና ተሰባስቦ ኒውዮርክ ቢከን ቲያትር በየዓመቱ ማለት ይቻላል መጫወት ያዘ፤ በዚያ አዳራሽ ብቻ ከ200 ጊዜ በላይ ተጫውቷል። የቡች ትራክስ የወንድም ልጅ ዴሪክ ትራክስ ባንዱ ውስጥ ገብቶ የዱዌንን ስላይድ ቦታ ያዘ። የመጨረሻው ኮንሰርት ጥቅምት 28 ቀን 2014 ተጀምሮ ከእኩለ ሌሊት በኋላ አለቀ፤ ማለትም ዱዌን በሞተበት ቀን። ግሬግና ቡች በ2017፣ ዲኪ ቤትስ በ2024 ሞቱ። ያኔ ከ6ቱ በሕይወት የቀረው ጄይሞ ብቻ ነበር። የሊነርድ ስኪነርድ የመጨረሻው መሥራች ጋሪ ሮሲንግተን በ2023 ሲሞት ባንዱ ያለ አንድም መሥራች መዞሩን ቀጠለ። ግማሹ አድናቂ «ይሄማ አስመሳይ ባንድ ነው» ይላል፤ ግማሹ ትኬት ይቆርጣል። ሁለቱንም የሚያደርግ አይጠፋም። ከወጣቶቹ ደግሞ የአትላንታው ብላክቤሪ ስሞክ አለ። ዴሪክና ባለቤቱ ሱዛን የሚመሩት ቴዴስኪ ትራክስ ባንድም አለ።

ማኮን መሄድ ለሚፈልግ ብዙ የሚታይ አለ። ባንዱ የኖረበት ትልቁ ቤት ሙዚየም ሆኗል። የካፕሪኮርን ስቱዲዮ በ2019 መጨረሻ ታድሶ ተከፍቷል። ዱዌን፣ ቤሪና ግሬግ ሮዝ ሂል መቃብር ውስጥ አጠገብ ላጠገብ ተቀብረዋል።

ጨርሶ ሰምቶት ለማያውቅ ሰው የምመክረው ይህን ነው። ከፊልሞር ኢስቱ አልበም ረዥሞቹን ትቶ ከመጀመሪያው ሸክላ ፊተኛ ገጽ ይጀምር። ቀጥሎ የስኪነርድን የ1973 የመጀመሪያ አልበም፣ ከዚያ በ1976 አትላንታ ፎክስ ቲያትር የተቀረጸውን የኮንሰርት አልበማቸውን ይስማ። ሃያ ሦስት ደቂቃዋ ለመጨረሻ ትቆይ። በስልክ ስፒከር ግን አይሆንም፤ ቤዙ ሙሉ በሙሉ ይጠፋል።