ፕላሴቦ ምንድን ነው? ለታመመ ሰው ባዶ መርፌ የሚሰጠው ለምንድን ነው?

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም የምንኖር ሰዎች ጠዋት የታክሲ ሰልፍ ላይ የማናነሳው ጉዳይ የለም። ሰሞኑን ተራው የደም ቅባት ሆኗል። እኛ ብሎክ ያሉ አንድ ጋሼ የላብራቶሪ ውጤታቸውን ይዘው መጡ፤ ትራይግሊሰራይድ 900 ይላል። ልጃቸው ደግሞ ስልኩ ላይ አንድ ነገር አንብቦላቸዋል። ውጭ አገር ለዚሁ ችግር አዲስ መርፌ ተሞክሯል፤ ከታማሚዎቹ የተወሰኑት ግን የተወጉት መድኃኒት የሌለበት መርፌ ነው። ጋሼ ተናደዱ። «የታመመን ሰው በውኃ መሸንገል ምን የሚሉት ሕክምና ነው?» አሉ።

ጥያቄው የብዙ ሰው ጥያቄ ነው። ያ መድኃኒት የሌለበት መርፌ ፕላሴቦ ይባላል። መልኩም፣ መጠኑም፣ አሰጣጡም ከሚሞከረው መድኃኒት ጋር አንድ ነው። የሚሠራው ንጥረ ነገር ብቻ የለበትም። መድኃኒቱ እንክብል ከሆነ ፕላሴቦውም እንክብል ነው፤ መርፌ ከሆነ መርፌ ነው፣ ብዙ ጊዜም ውስጡ ያለው የጨው ውኃ ነው። ትርጉሙ ይኸው ነው። ጊዜ የሚወስደው ለምን እንደሚያስፈልግ ማስረዳት ነው፤ ለዚያ ደግሞ ከራሱ ከትራይግሊሰራይድ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም።

ትራይግሊሰራይድ ሰውነታችን የተረፈውን ጉልበት የሚያከማችበት የቅባት ዓይነት ነው። ደም ውስጥ ሲለካ በዴሲሊትር ከ150 ሚሊግራም በታች ቢሆን ይመረጣል። 500 ከደረሰ በጣም ከፍተኛ ይባላል። ከ1,000 ሲያልፍ ከደሙ የሚለየው ፈሳሽ ወተት ሊመስል ይችላል፤ የላብራቶሪ ባለሙያው ገና ማሽን ውስጥ ሳያስገባው ይጠረጥራል። ትልቁ ስጋት የቆሽት መቆጣት ነው። ያኔ ቆሽት በአባባል ሳይሆን የምር ያራል። ሕመሙ ከላይኛው ሆድ ተነስቶ ወደ ጀርባ ይወጋል፣ ሆስፒታል ያስተኛል፣ አንዳንዴም ይገድላል።

ችግሩ ይህ ቁጥር አንድ ቦታ የሚቀመጥ አለመሆኑ ነው። ጋሼ የተመረመሩት ከበዓል ማግስት ነው እንበል። ዶሮው፣ ክትፎው፣ ጠላው፣ በላዩ ላይ ቢራው። ስኳር ካለባቸውና በደንብ ካልተያዘ ደግሞ ቁጥሩ ሽቅብ ይወጣል። መጠጡን ትተው፣ ለስላሳውን ቀንሰው፣ የስኳር መድኃኒታቸውን በሥርዓት ወስደው ከወር በኋላ ቢለኩ 900 የነበረው 450 ሊሆን ይችላል። አዲስ መድኃኒት የሚባል ነገር በአጠገባቸው ሳያልፍ። (በነገራችን ላይ፣ ሐኪሙ «ባዶ ሆድዎን ይምጡ» ካለ ሽሮም ቢሆን አይበላም። የሚፈቀደው ውኃ ነው።)

አሁን በዚያው ወር አዲሱን መርፌም ጀምረው ነበር እንበል። ቁጥሩን ያወረደው ማን ነው? መርፌው? ቢራውን መተዋቸው? ወይስ በዓሉ ማለፉ? ከጋሼ ብቻ ተነስቶ መልስ መስጠት የሚችል ሐኪም የለም። ሺህ ሰው መርፌውን ቢወጋና የሁሉም ቁጥር ቢወርድ እንኳ ጥያቄው አይፈታም። ምክንያቱም ሰዎቹ ወደ ሙከራው የገቡት ቁጥራቸው ከፍ ብሎ ስለተገኘ ነው፤ በአንድ ቀን ልኬት በጣም ከፍ ያለ ቁጥር ደግሞ ሲደገም ዝቅ የማለት ዕድሉ ሰፊ ነው። በዚያ ላይ ጥናት ውስጥ የገባ ሰው ጠባዩን ያሳምራል። ነርሷ ትደውላለች፣ የምግብ ምክር ይሰጣል፣ ቀጠሮ አለ። ማን ደፍሮ በቀጠሮው ዋዜማ ጥሬ ሥጋ ይቆርጣል?

ስለዚህ ሁሉ ነገር እኩል የሚደረግለት፣ መድኃኒቱ ብቻ የሚቀርበት ሌላ ቡድን ያስፈልጋል። በሁለቱ ቡድኖች መካከል የሚቀረው ልዩነት የመድኃኒቱ ሥራ ነው። ማን የትኛው ቡድን እንደሚገባ የሚወሰነው በኮምፒውተር ዕጣ ነው። እኛ ሠፈር ብዙ ሰው ቤቱን ያገኘው በኮንዶሚኒየም ዕጣ ስለሆነ ይህን ለማስረዳት አልቸገርም፤ ዕጣው ንጹሕ ከሆነ ሀብታምና ድሃ፣ ወጣትና ሽማግሌ ወደ ሁለቱም ወገን ይበተናል። ሐኪሙ ራሱ ቢመርጥ ኖሮ ሳያስበው ጠና ያለበትን ወደ መድኃኒቱ ይገፋው ነበር፤ ያኔ ንጽጽሩ ይበላሻል።

ከዚያ ዝምታው ይመጣል። ታማሚው የትኛውን እንደሚወስድ አያውቅም፤ ሐኪሙም አያውቅም። በደም ቅባት ጥናት ይህ ትንሽ ይከብዳል፣ የላብራቶሪ ወረቀቱ ምሥጢሩን ያወጣዋላ! ስለዚህ ብዙ ጊዜ ጥናቱ እስኪያልቅ የቅባቱ ውጤት ለሐኪሙም ለታማሚውም አይነገርም፤ አደገኛ ደረጃ ከደረሰ ብቻ ማስጠንቀቂያ ይሰጣል።

ፕላሴቦ ጉዳትን ለመለየትም ይጠቅማል። ፕላሴቦ ከሚወስዱት መካከልም ራሴን አመመኝ፣ አቅለሸለሸኝ የሚል አይጠፋም። ሰው ነው፣ በማንኛውም ወር የሆነ ነገር ያመዋል። በሁለቱም ቡድን እኩል ከታየ መድኃኒቱ አይከሰስም። ቮላኔሶርሰን የተባለው መርፌ የተያዘው በዚህ መንገድ ነው። ትራይግሊሰራይድን በእጅጉ አወረደ፤ ግን ደምን የሚያረጉት ፕሌትሌቶች መቀነስ መርፌውን በወሰዱት ላይ ጎልቶ ታየ። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2018 ሳትፈቅደው ቀረች፣ አውሮፓ በ2019 በቅድመ ሁኔታ ፈቀደችው።

የእሱ ታናሽ ኦሌዛርሰን ነው። ጉበት አፖሲ3 የሚባል ፕሮቲን ይሠራል፤ ይህ ፕሮቲን ቅባት ከደም እንዳይጠራ ያግዳል። መርፌው ጉበት ሴል ውስጥ ፕሮቲኑ እንዲሠራ የሚያዘውን መልእክት ያከሽፋል። መጀመሪያ የተፈተነው በዘር በሚመጣና በጣም ብርቅ በሆነ ሕመም ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 የታተመው ጥናት 66 ሰዎች ነበሩት፣ ከእነሱ 23ቱ ፕላሴቦ የደረሳቸው ናቸው። በአንድ ዓመት ገደማ ውስጥ በፕላሴቦው ቡድን 11 ጊዜ የቆሽት መቆጣት ተመዘገበ። መድኃኒቱን በሁለት ዓይነት መጠን በወሰዱት ሁለት ቡድኖች ውስጥ በእያንዳንዳቸው አንድ ጊዜ ብቻ። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ አካባቢ አሜሪካ ለዚህ ብርቅ ሕመም ፈቀደችው። ከዚያ ትራይግሊሰራይዳቸው ከ500 በላይ በሆነ፣ እንደ ጋሼ ባሉ ከ1,000 የሚበልጡ ሰዎች ላይ ተሞከረ፤ በ2025 የወጣው ውጤትም ቅባቱም የቆሽት መቆጣቱም ከፕላሴቦው ጋር ሲነጻጸር በብዙ መቀነሱን አሳየ።

23ቱን ሰዎች ሳስብ የጋሼ ንዴት ይገባኛል። እነዚያ 11 ሕመሞች የእውነተኛ ሰዎች ሕመም ናቸው። ግን ሁለት ነገር አይረሳ። አንደኛ፣ ፕላሴቦ የደረሰው ሰው ያለ ሕክምና አይቀርም። የቅባት ቅነሳ ምግቡ፣ ክትትሉ፣ ቀድሞ የሚወስዳቸው መድኃኒቶችም ይቀጥላሉ። ልዩነቱ አዲሱ መርፌ ብቻ ነው፤ በዚህ ጥናት ደግሞ ጊዜው ሲያልቅ የፕላሴቦው ቡድንም ወደ መድኃኒቱ የሚሻገርበት መንገድ ነበር። ሁለተኛ፣ ሽንገላ የሚባለው ሳይነገር ሲቀር ነው። እዚህ ሰውየው ፕላሴቦ ሊደርሰው እንደሚችል አስቀድሞ ተነግሮት፣ አንብቦ ይፈርማል።

ያለ ንጽጽር ምን ሊፈጠር እንደሚችል ደግሞ ፔማፋይብሬት ያሳያል። ይህ እንክብል ከ10,000 በላይ የስኳር ታማሚዎች ላይ ተሞከረ፤ ውጤቱ በ2022 ወጣ። ትራይግሊሰራይድን ከፕላሴቦው ይልቅ በሩብ ያህል አወረደ። ድንገተኛ የልብ ሕመምንና ስትሮክን ግን አልቀነሰም። ወረቀቱ ላይ ያለው ቁጥር ብቻ ታይቶ ቢሆን ኖሮ ዛሬ በየፋርማሲው «ለልብ» ተብሎ ይሸጥ ነበር። እኔ እንደውም ለፕላሴቦ ትልቁ መከራከሪያ ይህ ይመስለኛል።

ፕላሴቦ የማይፈቀድበት ቦታም አለ። የታወቀ ሕይወት አዳኝ መድኃኒት እያለ ታማሚን ያለሱ ማስቀረት አይቻልም። ለዚህ ምሳሌው ሩቅ አይደለም፤ ከከተማችን በሌላኛው ዳር፣ እንጦጦ ሥር ያለው የቅዱስ ጴጥሮስ ሆስፒታል ነው። መድኃኒት የተላመደ ቲቢን ለማከም በተደረገው ስትሪም በተባለው ዓለም አቀፍ ጥናት ከተሳተፉት አንዱ ነበር። እዚያ ማንም ባዶ ኪኒን አልተሰጠውም። በዕጣ ሲሶ ያህሉ 20 ወር ገደማ የሚፈጀውን የቆየ ሕክምና፣ የቀሩት ከ9 እስከ 11 ወር የሚፈጀውን አዲስ ሕክምና ወሰዱ። በ2019 የታተመው ውጤት ሁለቱም ወደ 80 በመቶ ለሚጠጉ ታማሚዎች መሥራታቸውን አሳየ። ንጽጽሩ ከነባሩ መድኃኒት ጋር ነበር።

እኛ አገር አዲስ መድኃኒት ሰው ላይ ለመሞከር የሥነ ምግባር ኮሚቴ ይሁንታና የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ፈቃድ ያስፈልጋል። አንድ ቀን ለእርስዎም ፎርም ቢቀርብልዎ በሚገባዎ ቋንቋ ይነበብልዎ፤ ለመፈረምም አይቸኩሉ። የምጠይቃቸውን ልንገርዎ፦ ፕላሴቦ የሚደርሰው ከስንት ሰው ስንቱ ነው? ፕላሴቦ ቢደርሰኝ ምን ዓይነት ሕክምና ይቀጥልልኛል? ጥናቱ ሲያልቅ መድኃኒቱን አገኛለሁ? ብጎዳ የሚያሳክመኝ ማን ነው? መሃል ላይ መተው ቢያሰኝዎ ደግሞ ምክንያት ሳይሰጡ መውጣት ይችላሉ፤ መደበኛ ሕክምናዎም አይቋረጥም።