"ሰው ከሌለህ አትቀጠርም" እና ሌሎች ተመራቂ ሁሉ የሚነገረው ወሬ

ባለፈው የአክስቴ ልጅ ተመርቃ መጣችና "ሲቪዬን እይልኝ እስቲ" ብላ ስልኳን ሰጠችኝ። ስከፍተው አራት ገፅ ነው፣ ላዩ ላይ የምረቃ ጋውን ለብሳ የተነሳችው ፎቶ፣ ከስሩ ቁመት ክብደት ሃይማኖት፣ ከዛ ከኬጂ ጀምሮ የተማረችባቸው ትምህርት ቤቶች በሙሉ ተደርድረዋል። ማነው እንዲህ አድርጊ ያለሽ ስላት "ሲቪ ወፈር ሲል ነው አሪፍ ይላሉ" አለችኝ። እኔ ኤችአር ውስጥ ስለምሰራ ይሄ "ይላሉ" የሚባለው ሁሉ ዞሮ ዞሮ ጠረጴዛዬ ላይ ነው የሚያርፈው፣ ስለዚህ ለሷ ያልኳትን እዚህም ልፃፈው።

የሲቪውን ውፍረት በተመለከተ፣ ለአንድ ጁኒየር ቦታ ክምር ሲቪ ሲመጣ የመጀመሪያው ዙር ላይ አንዱን የማየው ግፋ ቢል አንድ ደቂቃ ነው። አንድ ገፅ፣ በዛ ቢባል ሁለት። ቁመት ሆስተስ ልትሆኑ ካልሆነ ማን ይፈልገዋል።

"ዜሮ አመት ነኝ፣ ምን ልፃፍ?" የሚለው ግን ከሁሉም በላይ የሚያበሳጨኝ ነው። ልጅቷ አካውንቲንግ ነው የጨረሰችው፣ ክረምት ላይ አባቷ የህንፃ መሳሪያ ሱቅ ቁጭ ብላ የዱቤ ደብተሩን በሙሉ ኤክሴል ላይ ገልብጣው ነበር፣ ስትገለብጥ ከፍሎ ስሙ ያልተሰረዘ ሰው አገኘች፣ ሁለት አመት ሙሉ ሳይከፍል የተረሳ ደግሞ ሌላ። ሲቪው ላይ ይሄ የለም! ለምን ስላት "እሱማ አባዬን ማገዝ ነው እንጂ ስራ ነው እንዴ"። በምትኩ ሀርድ ወርኪንግ፣ ቲም ፕሌየር ብላለች፣ እሱን ሁሉም ይፅፈዋል። የዱቤ ደብተሩን ብትፅፈው ግን ጠያቂው "እንዴት አወቅሽው?" ይላል፣ ከዛ በኋላ ፈተና ሳይሆን ወሬ ነው። አፓረንትሺፕም፣ ሰፈር ውስጥ ልጅ ማስጠናትም፣ የመመረቂያ ፕሮጀክትም እንደዛው፣ ብቻ ምን እንደሰራችሁ ይነገር።

ትንሽ ቦታ የተሰራ ስራ አይቆጠርም የሚሉም አሉ። ይቆጠራል፣ የሚያስጥላችሁ ወረቀቱ ነው። ብዙ ማስታወቂያ ላይ ከግል ድርጅት የመጣ ልምድ ግብር የተከፈለበት መሆኑ ይገለፅ ይባላል፣ ስትለቁ ደብዳቤው ላይ እሱ እንዲገባ ጠይቁ። በአሰሪና ሰራተኛ አዋጁ (1156/2011) መሰረት አሰሪው የስራውን አይነት፣ የቆያችሁበትን ጊዜና ደሞዛችሁን የሚገልፅ ደብዳቤ ስትጠይቁ በነፃ የመስጠት ግዴታ አለበት፣ ውለታ አይደለም።

"ሰው ከሌለህ አትቀጠርም" ውሸት ነው ብዬ አልከራከርም፣ በዘመድ የሚገባ አለ፣ በአይኔ አይቻለሁ። ግን ሰው ማለት ሁሌ ባለስልጣን አጎት ማለት አይደለም፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚጠቅመው አንድ አመት ቀድሞ የገባው የዶርም ጓደኛችሁ ነው፣ "እዚህ ቦታ ሊወጣ ነው፣ የፅሁፍ ፈተናው እንዲህ እንዲህ ይላል" ብሎ የሚነግራችሁ። እሱን ደግሞ ደውላችሁ ካልጠየቃችሁት ከየት ያውቃል ስራ እየፈለጋችሁ መሆኑን። ቴሌግራም ላይ "ለምዝገባ 500 ብር በቴሌብር" የሚለው ግን ሰው አይደለም፣ ሌባ ነው።

ኢንተርቪው ላይ "ስለራስህ ንገረን" ሲሉ የህይወት ታሪክ የጠየቁ ይመስለናል። የመጀመሪያዬ ላይ እኔ ትውልድና እድገቴ ደሴ ብዬ ጀምሬ ወንድም እህቶቼን እየቆጠርኩ ሶስተኛዋ ላይ ስደርስ አንዷ ሴትዮ ሰዓቷን አየች፣ እስካሁን አልረሳውም። የሚፈልጉት ምን ተማርክ፣ ምን ሰርተሃል፣ ለምን እዚህ መጣህ ነው፣ ሁለት ደቂቃ። እንግሊዝኛውንም እንደ ውዳሴ ማርያም ሸምድዳችሁ አትምጡ፣ አንድ ቃል ሲጠፋ ሁሉም ይጠፋል፣ ከተያዛችሁ "በአማርኛ ላስረዳ?" ማለት ዝም ብሎ ከመቀመጥ በስንት ጣዕሙ።

ደሞዝ ማንሳት ነውር ነው? ማስታወቂያው ራሱ "በስምምነት" ብሎ እያለ "እናንተ እንዳላችሁ" ማለት ምን ይባላል። ብቻ የተጣራ ይሁን ያልተጣራ ለዩ። ያልተጣራ 10,000 ብር ከተባላችሁ ከሐምሌ 2017 ጀምሮ ባለው ተመን 1,650 ግብር ይሄዳል፣ 7 በመቶ ጡረታ ደግሞ 700፣ እጃችሁ የሚገባው 7,650 ነው። ይሄን ሳያውቅ ተስማምቶ በወሩ መጨረሻ ሂሳብ ክፍል በር ላይ የሚጨቃጨቅ ልጅ በየአመቱ አለ።

ኦርጅናል ዲግሪ ሳይያዝ አይመዘገብም የሚለውንም ተዉት፣ ኮስት ሼሪንግ ሳይከፈል ኦርጅናሉ እንደማይሰጥ ቀጣሪውም ያውቃል፣ ቴምፖራሪና ስቱደንት ኮፒ ለአብዛኛው ቦታ ይበቃል። የሙከራ ጊዜም ከ60 የስራ ቀን አይበልጥም፣ ያለማስጠንቀቂያ ሊያሰናብቷችሁ መቻላቸው እውነት ነው፣ የሰራችሁበትን ደሞዝ መከልከል ግን አይችሉም።

አንድ የቀረኝ፣ "የማላውቀውን ቁጥር አላነሳም" የሚባል ነገር። አዲስ አበባ ውስጥ የቢሮ መደበኛ ስልክ በ011 ነው የሚጀምረው፣ ስራ እየፈለጋችሁ እሱን አለማንሳት ምን የሚሉት ነው። ያለፈው ሳምንት ለሶስት ልጆች ደውዬ ያነሳው አንዱ ነው፣ አንዷ ስልኳ ዝግ ነው፣ ሶስተኛው በማግስቱ ከሰዓት መልሶ ደወለና "ሚስድ ኮል አይቼ ነበር፣ ማን ልበል?" አለኝ፣ ፈተናው ጠዋት አልቆ ነበር።