በውሃ ነዳጅ ይቆጥባሉ ስለሚባሉ መሣሪያዎች፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ከሐምሌ 2014 ዓ.ም. ጀምሮ የነዳጅ ድጎማ ደረጃ በደረጃ መነሣት ከጀመረ ወዲህ፣ «ውሃ ጨምረው የቤንዚን ወጪዎን በግማሽ ይቀንሱ» የሚል ማስታወቂያ ጆሮ ቢያገኝ የሚያስገርም አይደለም። መሣሪያው አብዛኛውን ጊዜ በውስጡ የማይዝግ ብረት ዝርግ ሳህኖች የተደረደሩበት አነስተኛ ዕቃ ነው። ጥቂት ኮስቲክ ሶዳ የተቀላቀለበት ውሃ ይሞላበታል፤ ከመኪናው በሚያገኘው ኤሌክትሪክ ውሃውን ወደ ሃይድሮጂንና ኦክስጅን ይለያያል፤ ጋዙም በቀጭን ቱቦ ወደ ሞተሩ የአየር ማስገቢያ ይሄዳል። ሻጮቹ «ኤችኤችኦ» ወይም «ብራውን ጋዝ» ይሉታል። አረፋው የዓይን ማታለያ አይደለም፤ ጋዙም በእርግጥ ይቀጣጠላል። ችግሩ ያለው ከዚያ በኋላ በሚነገረው ላይ ነው።

«ውሃ ውስጥ ሃይድሮጂን ስላለ ውሃም ነዳጅ ነው»

ውሃ ሃይድሮጂን ተቃጥሎ ካበቃ በኋላ የሚቀረው ነገር ስለሆነ፣ ከማገዶ ይልቅ የሚመስለው አመድን ነው። ሃይድሮጂኑን መልሶ ለማላቀቅ፣ ሲቃጠል የሰጠውን ያህል ጉልበት መክፈል ግድ ይላል፤ በተግባር ደግሞ ከዚያም በላይ ይጠይቃል። እንደ ቶዮታ ሚራይ ያሉ የሃይድሮጂን መኪኖችም ታንካቸው የሚሞላው በሃይድሮጂን ነው፤ ውሃ ከጭስ ማውጫቸው ይወጣል እንጂ አይሞላባቸውም።

«ኤሌክትሪኩ ከዲናሞ ስለሚመጣ ወጪ የለውም»

የነገሩ ሁሉ መሠረት ይህ ስለሆነ ሒሳቡን ማየት ይገባል። ዲናሞውን በቺንጋ የሚያዞረው ሞተሩ ራሱ ነው፤ ሞተሩ ሳይጋልብ ቆሞ ሲሠራ ከባድ የኤሌክትሪክ ጭነት ከተጨመረበት ድምፁ ለቅጽበት ዝቅ የሚለውም ስለዚህ ነው። አንድ መሣሪያ በ13.8 ቮልት 20 አምፔር ቢወስድ 276 ዋት ይሆናል። ስድስት ክፍሎች በተከታታይ ቢገጠሙለትና አንዳች ብክነት ባይኖር፣ በፋራዳይ ሕግ (የኤሌክትሪኩ መጠን ምን ያህል ጋዝ እንደሚያወጣ በሚያሰላው ሕግ) መሠረት የሚገኘው ጋዝ በደቂቃ 1.25 ሊትር ያህል ነው፤ ይህም ሲቃጠል የሚሰጠው 150 ዋት ገደማ ሙቀት ነው። በሌላ በኩል፣ ዲናሞ ከሚቀበለው ጉልበት ግማሽ ያህሉን ብቻ፣ ሞተሩም ከቤንዚኑ ጉልበት ሩብ ያህሉን ብቻ ወደ ሥራ የሚለውጡ መሆናቸው ሲታሰብ፣ ያንን 276 ዋት ለማግኘት 2,200 ዋት የሚያህል የቤንዚን ጉልበት መቃጠል አለበት። በሰዓት 7 ሊትር ቤንዚን የሚፈጅ ሞተር ከነዳጁ የሚያገኘው ጉልበት ወደ 62,000 ዋት ይጠጋል፤ 150 ዋት ለእርሱ ከአንድ መቶኛ ሩብ አይሞላም። እንዲህ ያለ ንግድ ማንንም አያተርፍም፣ ከሻጩ በቀር።

«ጋዙ ቤንዚኑ ሙሉ በሙሉ እንዲቃጠል ያደርጋል»

ጤነኛ የሆነ ዘመናዊ የቤንዚን ሞተር ከገባለት ነዳጅ ከ98 በመቶ በላይ የሚሆነውን ያቃጥላል። የሚባክነው ጉልበት በራዲያተርና በጭስ ማውጫ በኩል በሙቀት መልክ የሚወጣው ነው። ሻጮች እዚህ ላይ የአሜሪካውን የጠፈር ድርጅት የናሳን ስም ማንሣት ይወዳሉ። በእርግጥ እ.ኤ.አ. በ1977 የወጣ የናሳ ጥናት ሃይድሮጂን ሲጨመር ነበልባሉ እንደሚፈጥንና ስስ ድብልቅም (አየሩ በዝቶ ነዳጁ ያነሰበትን) ማቃጠል እንደሚቻል አሳይቷል፤ ሃይድሮጂኑ የመጣው ግን ከጋዝ ሲሊንደርና ሜታኖል ከሚባለው የአልኮል ዓይነት ነበር፤ በዲናሞ ከተከፈለ ውሃ አልመጣም።

«ገጥሜው ለውጡን በዓይኔ አይቻለሁ»

እንዲህ የሚሉ ሁሉ ውሸታሞች አይደሉም። መሣሪያው ሲገጠም ብዙውን ጊዜ የአየር ማጣሪያው ይጸዳል፣ ካንዴላው ይቀየራል፣ የጎማው ንፋስ ይስተካከላል፤ ገንዘቡን የከፈለው ሰውም ቤንዚን ረገጣውን ይቀንሳል። ከአዲስ አበባ አዳማ ወርዶ «ይኸው ቆጠበልኝ» የሚል ደግሞ ከ600 ሜትር በላይ ቁልቁለት መውረዱን መዘንጋት የለበትም። አንዳንድ ሻጮች በተጨማሪ በጭሱ ውስጥ ያለውን ኦክስጅን የሚለካውን ሴንሰር የሚያሳስት የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ ይገጥማሉ፤ ይህ የነዳጁን ድብልቅ ያሳሳል፣ የናይትሮጅን ኦክሳይድ ጭስንም ሊያበዛ ይችላል። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ድርጅት ነዳጅ ይቆጥባሉ የተባሉ ከ100 በላይ መሣሪያዎችንና ተጨማሪዎችን መርምሮ፣ ጥቅም የተገኘባቸው በጣት የሚቆጠሩ ናቸው፤ የእነርሱም ቁጠባ አነስተኛ ነው።

«የውሃ መኪና የሠራውን ሰው ገደሉት፣ ፈጠራውንም ደበቁት»

የሚነሣው ስም የአሜሪካዊው ስታንሊ ሜየር ነው። ሁለት ባለሀብቶች ከሰውት ባለሙያዎች መሣሪያውን ሲመረምሩ የተለመደ የውሃ መለያያ ሆኖ አገኙት፤ የኦሃዮ ፍርድ ቤትም እ.ኤ.አ. በ1996 ማጭበርበር ነው ብሎ 25,000 ዶላር እንዲመልስ ወሰነ። እ.ኤ.አ. በ1998 ሲሞት፣ የመረመረው ሐኪም ምክንያቱ በአንጎል ያለ የደም ሥር መፈንዳት መሆኑን አረጋግጧል።

«ታዲያ ቢኤምደብልዩ ለምን ውሃ ይረጫል?»

ይህ እውነት ነው፤ ነገሩ ግን ሌላ ነው። የቢኤምደብልዩ ኤም4 ጂቲኤስ ሞተር፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት እንደነበሩ አንዳንድ የአውሮፕላን ሞተሮች ሁሉ፣ ወደ ሲሊንደሩ የሚገባውን አየር ለማቀዝቀዝ ውሃ ይረጫል። አየሩ ሲቀዘቅዝ ቤንዚኑ ያለጊዜው አይቀጣጠልም፤ ስለዚህ ቱርቦው (አየሩን ጨምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባው መሣሪያ) ጫናውን ከፍ ማድረግ ይችላል። ውሃው አይቃጠልም፣ እንፋሎት ሆኖ ይወጣል፤ የጋኑ ውሃ ሲያልቅም ኮምፒዩተሩ የቱርቦውን ጫና ዝቅ አድርጎ መኪናው እንደማንኛውም መኪና በቤንዚኑ ይቀጥላል።