ኮክስ ምንድን ነው?

ደሴ ፒያሳ ላይ ጥርሱን ያመመው ሰው ዲክሎፌናክ ይገዛል። ሌሊት አላስተኛ ሲለው ደግሞ ቤት የተረፈ አይቡፕሮፌን ይደርብበታል። ሁለት ዓይነት ማስታገሻ የወሰደ ይመስለዋል እንጂ ሁለቱም የሚያግዱት አንዱን ኢንዛይም ነው፤ ኮክስን።

በሙሉ ስሙ ሳይክሎኦክሲጂኔዝ ይባላል። ሴል ሲጎዳ ከሽፋኑ አራኪዶኒክ አሲድ የተባለ ስብ ይለቀቃል። ኮክስ ይህን ስብ ኦክስጅን ጨምሮ ይለውጠዋል፤ ሌሎች ኢንዛይሞች ተቀብለው ፕሮስታግላንዲን ያደርጉታል። ድዱ እንዲቀላና እንዲያብጥ፣ ሲነካም እንዲጠዘጥዝ ከሚያደርጉት አንዱ ይሄው ፕሮስታግላንዲን ነው።

ችግሩ ኮክስ ሁለት ዓይነት መሆኑ ላይ ነው። ኮክስ-2 በብዛት የሚመረተው ጉዳት ሲደርስ ነው። ኮክስ-1 ግን ሁልጊዜ ሥራ ላይ ነው፤ ጨጓራን ከአሲድ የሚከላከለው ንፍጥ እንዲመረት ያደርጋል። ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ሁለቱንም ያግዳሉ። «የዲክሎፌናክ መርፌ ጨጓራ አይነካም» የሚባለውም ስህተት ነው፤ መድኃኒቱ በደም ዞሮ ኮክስ-1ን ያገኘዋል። ምግብ በልቶ መዋጥም ቢሆን ቁስለትን አያስቀርም።

ኩላሊትም አለ። ሰውነት ውሃ ሲያጥረው የኩላሊት ደም ሥር እንዳይጠብ የሚያደርገው ፕሮስታግላንዲን ነው። ኮምቦልቻ ሙቀት ላይ ሲያልበው የዋለ ሠራተኛ፣ ወይም በረመዳን ውሃ ሳይቀምስ የዋለ ሰው ዲክሎፌናክ ሲወስድ ይህ መከላከያ ይቀራል። ለደም ግፊት ኢናላፕሪል የተባለውን መድኃኒትና የሚያሸና መድኃኒት ለሚወስድማ አደጋው ይብሳል።

አስፕሪን ለየት ይላል። እንግሊዛዊው የመድኃኒት ተመራማሪ ጆን ቬን በ1971 እ.ኤ.አ. እንዳሳየው ፕሮስታግላንዲን እንዳይመረት ይከለክላል፤ በ1982ም የኖቤል ሽልማት ተጋርቶበታል። የአይቡፕሮፌን እገዳ በሰዓታት ይለቃል፤ አስፕሪን ያሰረው ኮክስ ግን ዳግም አይፈታም። ደም እንዲረጋ የሚያደርገው ፕሌትሌት ኒውክሊየስ ስለሌለው የታገደውን በአዲስ መተካት አይችልም። ስለዚህ ጥርስ ከመነቀሉ በፊት አስፕሪን የሚወስድ ሰው ለሐኪሙ መናገር አለበት፤ ለልብ የታዘዘለት ከሆነ ደግሞ በራሱ ፈቃድ አያቋርጥ።

ለአዋቂ ያለ ሐኪም ትዕዛዝ የአይቡፕሮፌን የቀን ጣሪያ 1,200 ሚሊግራም ነው፤ ዲክሎፌናክ ሐኪም ሲያዘውም በአብዛኛው ከ150 ሚሊግራም አያልፍም። ሁለቱን ግማሽ ግማሽ አድርጎ መቀላቀልም አያዋጣም። አንዱ ብቻውን ካላስታገሰ፣ የጉበት ችግር ለሌለበት አዋቂ የሚጨመረው ፓራሲታሞል ነው፤ በቆሰለው ቦታ ያለውን ኮክስ እምብዛም ስለማይነካ። በአንድ ጊዜ ከ500 እስከ 1,000 ሚሊግራም፣ በቀን ከ4,000 ሳያልፍ። ሰገራ እንደ ሬንጅ ከጠቆረ ወይም ትውከት የቡና አተላ ከመሰለ ኪኒኑን አቁሞ ወዲያው ሆስፒታል መሄድ ነው፤ ጨጓራው እየደማ ሊሆን ይችላል።