አቢብ ምንድን ነው? የዕብራውያን አዲስ ዓመትና በዓላት እንዴት ይወጣሉ?

አቢብ የዕብራይስጥ ቃል ነው። አማርኛ ቁርጥ ያለ አቻ አለው፦ እሸት። በዘጸአት 9፥31 በረዶው ግብፅን ሲመታ ገብሱ እሸት እንደነበር የተነገረው በዚሁ ቃል ነው። እስራኤል ከግብፅ የወጡበት ወርም «የአቢብ ወር»፣ ማለትም የእሸት ወር ተባለ፤ የወሮች መጀመሪያ እንዲሆንም ታዘዘ (ዘጸ. 12፥2)። ይኸው ወር ዛሬ የሚጠራበት ኒሳን የሚለው ስም ከባቢሎን ምርኮ በኋላ የገባ ነው።

የአቆጣጠሩ ችግርም ብልሃትም ያለው በዚህ ስም ውስጥ ነው። በዓላቱ የተቆረጡት በጨረቃ ነው፦ ፋሲካ በ1ኛው ወር በ14ኛው ቀን ማታ፣ የቂጣ በዓል ከ15 እስከ 21፣ በ7ኛው ወር ደግሞ መለከት በ1፣ ማስተስረያ በ10፣ ዳስ ከ15 ጀምሮ። ነገር ግን 12 የጨረቃ ወራት 354 ቀን ገደማ ስለሆኑ ከፀሐይ ዓመት በ11 ቀን ያንሳሉ። በቂጣ በዓል ሰሞን የአዲስ መከር ነዶ መቅረብ አለበት። ጨረቃዋን ብቻ ብንከተል በ3 ዓመት ውስጥ በዓሉ ከአንድ ወር በላይ ቀድሞ ይመጣል፤ ካህኑም የሚያቀርበው ነዶ አያገኝም።

ስለዚህ ጥንት ገብሱ ይታይ ነበር። እሸት ለመሆኑ ጥሩው መፈተኛ እሳት ነው። ገና ወተት የቋጠረ ዛላ ሲጠበስ ፍሬው ተኮማትሮ ይጠፋል፤ እንደ ሊጥ የጠነከረው ግን ተጠብሶ ይበላል። ዘሌዋውያን 2፥14 በእሳት የተጠበሰ እሸት ለቍርባን እንዲቀርብ የሚያዘውም ይህንኑ ነው። እሸት ካልደረሰ 12ኛው ወር አዳር ይደገምና ዓመቱ 13 ወር ይሆን ነበር። የኋላ ዘመን ሊቃውንት ሦስት ምልክት ያዩ ነበር፦ እሸቱን፣ የዛፍ ፍሬውንና የፀሐይን ዙር። ሁለቱ ከዘገዩ ዓመቱን ያስረዝሙታል፤ በአንዱ ብቻ ግን አያስረዝሙም። መንገድና ድልድይ በዝናብ ተበላሽቶ ምእመናን ለፋሲካ መድረስ ካልቻሉም ወር ይጨምሩ ነበር።

በዚያ ዘመን ወሩ የሚጀምረው በኢየሩሳሌም ሸንጎ ቃል ነበር። አዲሷን ጨረቃ ያዩ ሁለት ምስክሮች ለየብቻ ይጠየቃሉ፦ ከፀሐይ በፊት ነበረች ወይስ በኋላ? ቀንዷ ወዴት ዞሯል? ምን ያህል ከፍታ ላይ ነበረች? ቃላቸው ከተስማማ ያ ቀን የወሩ መባቻ ይሆናል። በ30ኛው ቀን ምስክር ካልመጣ ወሩ 30 ይሞላና መባቻው በማግስቱ ይውላል። ዜናው መጀመሪያ በኮረብታ ላይ በሚነድ እሳት ይተላለፍ ነበር። ሳምራውያን በሐሰት እሳት ስላሳሳቱ በመልእክተኛ ተተካ። መልእክተኛው በጊዜ የማይደርስበት አገር ቀኑን በእርግጥ ስለማያውቅ በዓሉን ሁለት ቀን ማክበር ጀመረ፤ በውጭ የሚኖሩ አይሁድ ዛሬም አብዛኛውን በዓል ሁለት ቀን የሚያከብሩት ከዚያ በመነሣት ነው።

ዛሬ የሚሠራው ስሌት ነው፤ ትውፊቱ በ4ኛው መቶ ዘመን የነበረው የአይሁድ ሸንጎ አለቃ ዳግማዊ ሂሌል እንደደነገገው ይናገራል። አንድ የጨረቃ ወር 29 ቀን ከ12 ሰዓት ከ793 ክፍል ይቆጠራል፤ አንዱ ሰዓት 1080 ክፍል ነው። በ19 ዓመት ውስጥ 7 ዓመታት አዳርን ይደግማሉ፦ 3ኛው፣ 6ኛው፣ 8ኛው፣ 11ኛው፣ 14ኛው፣ 17ኛውና 19ኛው። ለምሳሌ በአይሁድ አቆጣጠር 5787 የሚባለውን ዓመት ለ19 ብናካፍል 11 ይቀራል፤ ስለዚህ ዳግማዊ አዳር አለው።

ቀጥሎ የ7ኛው ወር (ቲሽሪ) ጨረቃ የምትወለድበት ሰዓት ይሰላል፤ ዓመቱ የሚለወጠው በዚህ ቀን ነው። ኒሳን የወራትና የበዓላት ራስ ነው፣ ቲሽሪ የዓመታት፤ ብዙ ሰው የሚደናገረውም ሁለቱን ሳይለይ ነው። አዲስ ዓመቱ እሑድ፣ ረቡዕና ዓርብ አይውልም። ረቡዕ ወይም ዓርብ ቢውል የማስተስረያ ቀን ከሰንበት ጋር ተያይዞ ለሁለት ቀን ምግብ ማብሰልም ሬሳ መቅበርም ይከለከል ነበር። ጨረቃዋ ከቀትር በኋላ ከተወለደችም በዓሉ ወደ ማግስቱ ይሄዳል። ለ5786 ጨረቃዋ የተወለደችው ሰኞ መስከረም 12 ቀን 2018 በ18 ሰዓት ከ187 ክፍል ነበር። ሰዓቱ እንደ እኛው ከማታ 12 ስለሚነሣ ከቀኑ 6 ሰዓት ከ10 ደቂቃ ማለት ነው። በ10 ደቂቃ ምክንያት አዲስ ዓመቱ ማክሰኞ መስከረም 13 ዋለ።

የእኛው ባሕረ ሐሳብ (የቤተ ክርስቲያን የበዓላት ማውጫ ስሌት) ከዚሁ ግንድ የወጣ ቅርንጫፍ ነው። «መጥቅዕ» የሚለው ስሌት የመለከቱን በዓል፣ ያንኑ የቲሽሪ መባቻ ፈልጎ ያገኛል። ለ2019 ዓ.ም፦ ከክርስቶስ ልደት በፊት የሚቆጠረው 5500 ዓመት ሲደመር 7519፤ ለ19 ሲካፈል 14 ይተርፋል፤ አንድ ሲቀነስ «ወንበር» የሚባለው የስሌቱ መነሻ ቍጥር 13። 13 በ19 ሲባዛ 247፤ በ30 ሲገደፍ (ለ30 ተካፍሎ የሚተርፈው) 7። ከ14 በታች ስለሆነ መጥቅዕ ጥቅምት 7 ይውላል። የአይሁድ አዲስ ዓመት 5787 ግን መስከረም 2 ነው። የ35 ቀን ልዩነት አለ ማለት ነው፤ ሆኖም ስሌቱ አልተሳሳተም። ትልቁ ድርሻ የ13ኛው ወር ቦታ ነው፦ ባሕረ ሐሳብ ከጥቅምት በፊት ጨምሮታል፣ አይሁድ ደግሞ በክረምታቸው መጨረሻ በአዳር ይጨምሩታል። ስለዚህ ኒሳን 14 ሲደርስ ልዩነቱ ወደ 4 ቀን ይወርዳል፤ በእነርሱ ሚያዝያ 13፣ በባሕረ ሐሳቡ ሚያዝያ 17። ይህ የቀረው የ19 ዓመቱ ቀመር በየ300 ዓመቱ ገደማ ከእውነተኛዋ ጨረቃ አንድ አንድ ቀን እየዘገየ ያጠራቀመው ነው።