የካፍ ሻምፒዮንስ ሊግ ቅድመ ማጣሪያ ምንድን ነው?

አንድ ክለብ ዓመቱን ሙሉ ለፍቶ የሀገሩን ሊግ ያሸንፋል። ዋንጫ ያነሳል፣ ደጋፊው ይጨፍራል። ክረምቱ ሳይወጣ ደግሞ ሁለት ጨዋታ ተጫውቶ ከአፍሪካ ውድድር ይሰናበታል። ምድብ ገና አልተደለደለም። የቴሌቪዥን ካሜራዎች ገና በደንብ አልዞሩም። እኛ ሀገር ይህ ነገር በጣም ስለተለመደ ዜናው ከወጣ በኋላ ለሁለት ቀን ተበሳጭተን እንረሳዋለን።

ይህ ሁሉ የሚሆንበት ቦታ ቅድመ ማጣሪያ ነው። ብዙ ሰው ከዋናው ውድድር በፊት ያለ ማሟሟቂያ አድርጎ ያየዋል። እኔ ግን ለእንደኛ ዓይነት ክለቦች ዋናው ውድድር ራሱ እሱ ነው ባይ ነኝ። ለምን እንደሆነ አሠራሩን ሳየው ይገባኛል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ሻምፒዮንስ ሊጉ ላይ የየሀገሩ ሻምፒዮን ይመዘገባል። በካፍ (የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን) የክለቦች ውጤት ደረጃ እስከ 12ኛ ያሉት ሀገራት ሁለት ሁለት ክለብ ይልካሉ። እኛና ሌሎቹ አንድ አንድ። ድምሩ እንደየዓመቱ ይለያያል፣ ብቻ ከ50 በላይ ይሆናል። ምድብ ውስጥ ያለው ወንበር ግን 16 ነው። ከ2017 ጀምሮ እንዲህ ነው፤ ከዚያ በፊት 8 ብቻ ነበር። ስለዚህ የሚበዛው ክለብ ምድብ ሳያይ መቅረት አለበት።

መቀነሻው ሁለት ዙር ጥሎ ማለፍ ነው። በአንደኛው ዙር የተገናኙት ደርሶ መልስ ይጫወታሉ። አንድ በሜዳ፣ አንድ ከሜዳ ውጪ። ያሸነፈው ሁለተኛው ዙር ይገባል። እዚያ 32 ክለቦች ይገናኛሉ፣ 16ቱ አልፈው ምድብ ይደለደላሉ። ከዚያ በኋላ ያለውን በቴሌቪዥን የምናውቀው ነው።

ትልልቆቹ ደግሞ አንደኛውን ዙር አይጫወቱም። ቀጥታ ሁለተኛው ላይ ቁጭ ብለው ይጠብቃሉ። ስንት ክለብ ይህን ዕድል እንደሚያገኝ የሚወሰነው በዚያ ዓመት በተመዘገቡት ብዛት ነው። ማን እንደሚያገኝ ግን የሚወስነው ያለፉት አምስት ዓመታት ነጥብ ነው። ነገሩ የሚያናድደውም እዚህ ጋ ነው።

ነጥቡ እንዲህ ይሰጣል። የሻምፒዮንስ ሊጉ አሸናፊ 6፣ ለፍጻሜ ደርሶ የተሸነፈው 5፣ ግማሽ ፍጻሜ 4፣ ሩብ ፍጻሜ 3፣ ከምድቡ ሦስተኛ 2፣ አራተኛ 1። የቅርቡ ዓመት ነጥብ በ5 ይባዛል፣ ያለፈው በ4፣ እያለ ይወርዳል። ቅድመ ማጣሪያ ላይ የወጣው ስንት ያገኛል? ምንም። የግብፁን አል አህሊን በሜዳህ ብታሸንፍም በድምር ከወጣህ ያው ባዶ ነው። ጅማ አባ ጅፋር ይህን ያውቀዋል። በ2018 መጨረሻ ግብፅ ላይ 2ለ0 ተሸንፎ መጣ፣ እዚህ 1ለ0 አሸነፈ፣ በድምር 2ለ1 ተሰናበተ። አል አህሊን ማሸነፍ ትልቅ ወሬ ነው፣ ለደረጃው ግን አንድ ነጥብ አልጨመረም።

ነጥብ ከሌለህ ደረጃህ አይወጣም። ደረጃህ ካልወጣ በሚቀጥለውም ዓመት ከአንደኛው ዙር ትጀምራለህ፣ ሁለተኛው ላይ ደግሞ አንዱ ግዙፍ ክለብ ይጠብቅሃል። ከዚህ አዙሪት የሚወጣው ሁለቱንም ዙር ያለፈ ብቻ ነው። ከኢትዮጵያ ይህን መጀመሪያ ያደረገው ቅዱስ ጊዮርጊስ ነው፣ በ2017። የሲሼልሱን ኮት ዶርንና የኮንጎ ብራዛቪሉን ሊዮፓርድስን አስወጥቶ ምድብ ገባ። ምድቡ ውስጥ ኤስፔራንስ፣ ማሜሎዲ ሰንዳውንስና ቪታ ክለብ ነበሩ።

አሁን ወደ ሕጉ እንምጣ፤ ሰው የሚሳሳተው እሱ ላይ ነው። የሁለቱ ጨዋታ ድምር እኩል ከሆነ ካፍ መጀመሪያ የሚያየው ከሜዳ ውጪ የገባውን ጎል ነው። ብዙ ያገባው ያልፋል። እሱም እኩል ከሆነ ቀጥታ መለያ ምት። የ30 ደቂቃ ጭማሪ የለም። የአውሮፓ እግር ኳስ ማኅበር ከሜዳ ውጪ የሚቆጠረውን ጎል በ2021 ሰርዞታል። አውሮፓን ብቻ የሚከታተል ተመልካች ሕጉ ከዓለም ላይ የጠፋ ይመስለዋል። አፍሪካ ውስጥ ግን በሕይወት አለ፣ እኛንም በደንብ ያውቀናል።

በዚያው በ2021 ፋሲል ከነማ ከሱዳኑ አል ሂላል ኦምዱርማን ጋር ተደለደለ። ዐፄዎቹ በባለሜዳነታቸው 2ለ2 ወጡ። በመልሱ ኦምዱርማን ላይ 1ለ1። ፋሲል አልተሸነፈም፣ በአንዱም ጨዋታ። ድምሩ 3ለ3 ነው። ነገር ግን አል ሂላል ከሜዳው ውጪ ሁለት አግብቷል፣ ፋሲል አንድ። ፋሲል ወጣ።

በዓመቱ ቅዱስ ጊዮርጊስ ሄደ። ዕጣው ማንን አወጣለት? አል ሂላልን። ፈረሰኞቹ እንደ ባለሜዳ 2ለ1 አሸነፉ። መልሱን 1ለ0 ተሸነፉ። ድምሩ 2ለ2፣ አል ሂላል ከሜዳው ውጪ አንድ፣ ጊዮርጊስ ዜሮ። በሁለት ተከታታይ ዓመት፣ በአንድ ክለብ፣ በአንድ ሕግ። ሁለቱን አንድ ላይ ስታያቸው የጎዱን በሱዳን የተቆጠሩብን ጎሎች እንዳልሆኑ ይገባሃል። ኦምዱርማን ላይ በሁለቱ ዓመት የገባብን በድምር ሁለት ጎል ነው። በሜዳችን የገባብን ሦስት። እንግዳ ሆኖ የሚመጣ ቡድን በር ከከፈትክለት ከባድ ነው። ለዚህ ነው እኔ የመጀመሪያው ጨዋታ በሜዳችን ሲሆን ከ3ለ2 ይልቅ 1ለ0 የምመርጠው። ተመልካች ያሰለቻል፣ አውቃለሁ።

ሕጉን ክፉ ብቻ ነው ማለት ግን ውለታ መርሳት ይሆናል። በ1998 ኢትዮጵያ ቡና አል አህሊን ያህል ክለብ ያስወጣው በዚሁ ሕግ ነው። አዲስ አበባ ላይ 1ለ1፣ ካይሮ ላይ 2ለ2። ድምር 3ለ3፣ ቡና ከሜዳው ውጪ ሁለት። የፋሲልን ውጤት ገልብጠህ ማንበብ ነው።

ሕጉ የሁሉም ነው። ቀኑ ግን የሁሉም አይደለም። ካፍ ከ2018/19 ጀምሮ ውድድሩን ከአውሮፓ ጋር አመሳስሎታል፤ በአንድ ዓመት ተጀምሮ በሚቀጥለው ያልቃል። ስለዚህ አሁን ቅድመ ማጣሪያው ነሐሴና መስከረም አካባቢ ይውላል። ያ ወቅት ለኢትዮጵያ ክለብ ምንድን ነው? ክረምት ነው። ሊጉ አልቋል፣ አዲሱ አልተጀመረም። ግማሹ ተጫዋች ኮንትራቱ አብቅቶ ሌላ ክለብ ፈርሟል። አዲስ የመጣው የጓደኞቹን ስም እየለመደ ነው። አሠልጣኙም አንዳንዴ አዲስ ነው። ዋንጫውን ያነሳው ቡድንና አፍሪካ ላይ የሚሰለፈው ቡድን በማልያ ብቻ የሚመሳሰሉበት ጊዜ አለ። ጊዮርጊስ ምድብ የገባበት የ2017ቱ ማጣሪያ የካቲትና መጋቢት ላይ ነበር፤ ሊጋችን በጋለበት ወቅት። ምክንያቱ ይህ ብቻ ነው አልልም፣ ግን በአጋጣሚ ነው ብዬም አላልፈውም።

በ2024 የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ጥሩ ጀመረ። የኡጋንዳውን ቪላ ካምፓላ ላይ 2ለ1 አሸነፈ፣ እዚህ 1ለ1 ተለያይቶ ሁለተኛው ዙር ገባ። እዚያ የታንዛኒያው ያንግ አፍሪካንስ፣ ሰው ያንጋ የሚለው፣ ጠበቀው። አበበ ቢቂላ ስታዲየም ላይ 1ለ0 ተሸነፈ። ይኼ ይቻላል፣ ይገለበጣል ተባለ። ዛንዚባር ላይ 6ለ0 ሆነ። የኛ ሊግ ገና አልጋለም ነበር፤ ያንጋ ግን በሀገሩ ውድድር እግሩን ፈትቶ ነው የመጣው።

የሜዳ ጉዳይም አለ። ካፍ ያልፈቀደው ስታዲየም ላይ አይጫወትም። ፈቃድ ያለው ሜዳ ሀገር ውስጥ ከሌለ ባለሜዳው ሌላ ሀገር ሄዶ «ያስተናግዳል»። በ2023 ጊዮርጊስ ሁለተኛው ዙር ላይ ከአል አህሊ ጋር ሲገናኝ ሁለቱም ጨዋታ ግብፅ ውስጥ ተደረገ። የመጀመሪያው በወረቀት የጊዮርጊስ ሜዳ ነበር። 3ለ0 እና 4ለ0። የአዲስ አበባ ከፍታ የለ፣ ደጋፊ የለ፣ አንድ የሜዳ ጥቅም የለ። ደርሶ መልስ የሚባለው ነገር ትርጉሙን ያጣል፤ ሁለት ጊዜ መድረስ ብቻ ነው።

እዚህ ላይ ግን ሰበብ እንዳናበዛ አል ሂላል ራሱ ያሳፍረናል። የ2023ቱ የሱዳን ጦርነት ሲነሳ ክለቡ ሀገሩ ላይ መጫወት አልቻለም። ሞሪታንያ ሄዶ የሰው ሊግ ውስጥ ገባ፣ የአፍሪካ ጨዋታዎቹንም ኑዋክሾት ላይ ማስተናገድ ያዘ። በ2024/25 ያንጋ፣ ማዜምቤና ኤምሲ አልጀር የነበሩበትን ምድብ አንደኛ ሆኖ ጨረሰ። ስደት ላይ ሆኖ ማለት ነው።

ገንዘቡን ባጭሩ ልንገርህ። ድሮ ቅድመ ማጣሪያ የሚጫወት ክለብ የአውሮፕላን ቲኬቱንም ሆቴሉንም ከኪሱ ነበር የሚሸፍነው። ካፍ በ2023 ለእያንዳንዱ ክለብ 50 ሺህ ዶላር መስጠት ጀመረ። በ2025 ወደ 100 ሺህ አሳደገው። ጥሩ ነው። ግን በ2023/24 ምድብ ገብቶ መጨረሻ የወጣ ክለብ እንኳ 700 ሺህ ዶላር ያገኝ ነበር፤ ዋንጫውን የወሰደው 4 ሚሊዮን። በአንዲት ከሜዳ ውጪ ጎል መካከል ያለው ልዩነት ይህን ያህል ነው።

መውደቂያም ጠፍቷል። እስከ 2022/23 ድረስ ሁለተኛው ዙር ላይ የተሸነፈ ክለብ ሁለተኛው የአፍሪካ ክለቦች ውድድር ወደሆነው ኮንፌዴሬሽን ዋንጫ ወርዶ ሌላ ዕድል ይሞክር ነበር። ያንጋ በዚያ ዓመት በአል ሂላል ተሸንፎ ወረደ፣ ከዚያ እስከ ፍጻሜ ሄደ። ፍጻሜውን ከዩኤስኤም አልጀር ጋር በደርሶ መልስ ድምር 2ለ2 ጨረሰ። ዋንጫውን ያጣው በምን ይመስልሃል? ከሜዳ ውጪ በገባ ጎል። ከሚቀጥለው ዓመት ጀምሮ መውረጃው ተዘጋ፤ አሁን የተሸነፈ ቤቱ ይገባል።

ታንዛኒያን ደጋግሜ ያነሳሁት ያለ ነገር አይደለም። ብዙ ዓመት ከኛ እምብዛም የማይርቁ ነበሩ። በ2018 መጨረሻ ሲምባ ሁለተኛው ዙር ላይ የዛምቢያውን ንካና አገኘ። ኪትዌ ላይ 2ለ1 ተሸነፈ። ዳሬሰላም ላይ 3ለ1 አሸንፎ ምድብ ገባ፣ በዚያው ዓመት ሩብ ፍጻሜ ደረሰ። ነጥቡ መከማቸት ጀመረ፣ ታንዛኒያ ሁለት ክለብ መላክ ቻለች፣ በ2023/24 ሲምባና ያንጋ ሁለቱም ሩብ ፍጻሜ ገቡ። ሁሉም ነገር ከአንድ ደርሶ መልስ መጣ ማለት ማጋነን ነው፤ ባለሀብትም፣ ደጋፊም፣ የቴሌቪዥን ገንዘብም አላቸው። ግን ያ በር ባይከፈት ነጥቡ ከየት ይመጣ ነበር?

ዕጣ ሲወጣ ሁሌ የሚነሳ ክርክር አለ፦ የመጀመሪያውን በሜዳ መጫወት ይሻላል ወይስ መልሱን? እኔ መልሱን በሜዳ እመርጣለሁ። ሄደህ አንድ ጎል አግብተህ ትመጣለህ፣ ከዚያ የሚያስፈልግህን አውቀህ በደጋፊህ ፊት ትጫወታለህ። ሲምባ ንካናን ያስወጣው እንዲህ ነው። ከእኔ ጋር የማይስማማ ደግሞ የ2021ዱን ሲምባ ይጠቅስብኛል። ቦትስዋና ላይ ጁዋኔንግ ጋላክሲን 2ለ0 አሸንፎ መጣ። ዳሬሰላም ላይ፣ በሜዳው፣ በመልሱ፣ 3ለ1 ተሸነፈ። ድምር 3ለ3፣ እንግዳው ሦስት ከሜዳው ውጪ። ምድብ የገባው ጋላክሲ ነው።