ስለ ሕዋሳት ኬሚካላዊ ግንኙነት የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ሕዋሳት ሥራቸውን የሚያስተባብሩት በአብዛኛው አንዱ በሚያመነጨውና ሌላው ተቀባይ በሚባለው ፕሮቲን አማካይነት በሚለየው ኬሚካል ነው። ይሁን እንጂ ስለ ሆርሞን፣ ስለ ነርቭና ስለ መድኃኒት በየዕለቱ የሚነገሩ ብዙ አባባሎች ስለ ኬሚካሉ ብቻ አውርተው ተቀባዩን ይዘነጉታል። ቀጥሎ የሚታረሙት አመለካከቶች አብዛኞቹ የሚመነጩት ከዚሁ መዘንጋት ነው።

«ነርቮች የሚነጋገሩት በኤሌክትሪክ ብቻ ነው»

በአንድ የነርቭ ሕዋስ ርዝመት ላይ የሚጓዘው ምልክት ኤሌክትሪካዊ መሆኑ እውነት ነው። ነገር ግን የነርቩ ጫፍ ከቀጣዩ ሕዋስ ጋር በሚቀራረብበት ቦታ፣ በሁለቱ መካከል ወደ 20 ናኖሜትር ገደማ የሚሆን ክፍተት ስለሚኖር፣ ምልክቱ ይህን ክፍተት የሚሻገረው በአብዛኛው በኬሚካል ነው። ይህ ጉዳይ በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ ብርቱ ክርክር ያስነሳ ሲሆን፣ ሚዛኑን የቀየረው ኦቶ ሎዊ በ1921 በኦስትሪያዋ ግራዝ ከተማ ያካሄደው ሙከራ ነው። ሎዊ ሁለት የእንቁራሪት ልቦችን ጨው ባለው ፈሳሽ ውስጥ እየመቱ እንዲቆዩ ካደረገ በኋላ፣ የመጀመሪያውን ልብ ምት የሚያቀዘቅዘውን የቬገስ ነርቭ አነቃቃ፤ ልቡም ቀዘቀዘ። ከዚያም በዙሪያው የነበረውን ፈሳሽ ወስዶ በሁለተኛው ልብ ላይ ሲያደርገው፣ አንድም ነርቭ ያልተነካበት ይህ ልብ እንደ መጀመሪያው ቀዘቀዘ። ከልብ ወደ ልብ የተላለፈው ፈሳሽ እንጂ ኤሌክትሪክ ስላልነበረ፣ ነርቩ አንድ ኬሚካል ማመንጨቱ ግልጽ ሆነ። ኬሚካሉ አሴቲልኮሊን መሆኑ ከጊዜ በኋላ የታወቀ ሲሆን፣ ሎዊና እንግሊዛዊው ሄንሪ ዴል በ1936 የኖቤል ሽልማትን ተጋርተዋል።

በቀጥታ በኤሌክትሪክ የሚገናኙ ሕዋሳትም መኖራቸው መዘንጋት የለበትም፤ የልብ ጡንቻ ሕዋሳት እርስ በርሳቸው በጥቃቅን ቀዳዳዎች ስለሚያያዙ የኤሌክትሪክ ምልክቱ ከአንዱ ወደ ሌላው ያለ ኬሚካል ያልፋል።

«ሆርሞን የሚሄደው ወደሚፈለግበት አካል ነው»

ደም አድራሻ አያነብም። ወደ ደም የገባ ሆርሞን ደም ወደሚደርስበት ሁሉ ይደርሳል፤ ምላሽ የሚሰጡት ግን ለእርሱ የሚሆን ተቀባይ ያላቸው ሕዋሳት ብቻ ናቸው። ሆርሞን የሚመነጨው ለዚሁ ከተፈጠሩ ዕጢዎች ብቻ ነው ማለትም ስሕተት ነው፤ ልብ፣ ኩላሊትና የስብ ሕዋሳት የየራሳቸውን ሆርሞን ያመነጫሉ።

«አንድ ኬሚካል አንድ ትርጉም አለው»

ከሁሉም ይልቅ ሥር የሰደደው ስሕተት ይህ ይመስለኛል። አድሬናሊን «የድንጋጤ ሆርሞን»፣ ዶፓሚን «የደስታ ኬሚካል» ተብለው ስም ስለወጣላቸው፣ ትርጉሙ በሞለኪውሉ ውስጥ ተጽፎ የሚጓዝ ይመስላል። ትርጉሙን የሚወስነው ግን ተቀባዩና ተቀባዩ የሚገኝበት ሕዋስ ነው። ያው አድሬናሊን የቆዳን ደም ቧንቧዎች ያጠብባል፤ የሳንባን የአየር ቧንቧዎች ያሰፋል፤ ልብን ያፈጥናል፤ ጉበትም ያከማቸውን ስኳር ወደ ደም እንዲለቅ ያደርጋል። ደም ቧንቧን የሚያጠብበው አልፋ በሚባሉት ተቀባዮች በኩል ሲሆን፣ የአየር ቧንቧን የሚያሰፋው ቤታ በሚባሉት በኩል ነው። ለሕይወት የሚያሰጋ የአለርጂ ጥቃት የደረሰበት ሰው አድሬናሊን የሚወጋውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ አንዱ መርፌ የወረደውን የደም ግፊት ከፍ ሲያደርግ የተዘጋውንም ትንፋሽ ይከፍታል። በሎዊ ሙከራ ልብን ያቀዘቀዘው አሴቲልኮሊንም በክንድና በእግር ጡንቻ ላይ ሲያርፍ ጡንቻው እንዲኮማተር ያደርጋል። ዶፓሚንን በተመለከተ ደግሞ፣ በአንጎል ውስጥ እንቅስቃሴን ለማስተካከል የሚያስፈልግ ከመሆኑም በላይ (በፓርኪንሰን በሽታ የሚሞቱት ዶፓሚን አመንጪ ሕዋሳት ናቸው)፣ የጡት ወተት እንዲመረት የሚያደርገውን ፕሮላክቲን የተባለ ሆርሞን መጠን ይቆጣጠራል። ይህን ሁሉ «ደስታ» በሚል ቃል መሸፈን አይቻልም።

«ኢንሱሊን ስኳርን ተሸክሞ ወደ ሕዋስ ያስገባል»

ኢንሱሊን ስኳርን አይሸከምም፤ መልእክቱን ለማድረስም ወደ ሕዋሱ ውስጥ መግባት አያስፈልገውም። የኢንሱሊን ተቀባይ የሕዋሱን ሽፋን አቋርጦ የተተከለ ፕሮቲን ሲሆን፣ አንዱ ጫፉ በውጭ፣ ሌላው ጫፉ በውስጥ ይገኛል። ኢንሱሊን በውጪው ጫፍ ላይ ሲያርፍ የተቀባዩ ቅርጽ ይለወጥና የውስጠኛው ጫፍ እንደ ኢንዛይም መሥራት ይጀምራል፤ በአቅራቢያው ያሉ ፕሮቲኖችን ፎስፌት በመለጠፍ ያነቃቸዋል፤ እነርሱም በተራቸው ሌሎችን ያነቃሉ። በጡንቻና በስብ ሕዋሳት ውስጥ የዚህ ሰንሰለት አንዱ ውጤት፣ በሕዋሱ ውስጥ ተቀምጠው የነበሩ ስኳር አሳላፊ ፕሮቲኖች ወደ ሽፋኑ መውጣታቸው ነው። ስኳሩ የሚገባው በእነዚህ በኩል ነው። የአንጎልና የጉበት ሕዋሳት ግን ስኳር ለማስገባት የኢንሱሊንን ትእዛዝ አይጠብቁም።

እንዲህ ያለው ሰንሰለት መልእክትን ከማስተላለፍ አልፎ ያባዛዋል፤ እያንዳንዱ የነቃ ኢንዛይም በተራው ብዙ ሞለኪውሎችን ስለሚቀይር፣ ጥቂት የሆርሞን ሞለኪውሎች በሕዋሱ ውስጥ እጅግ ከፍ ያለ ለውጥ ያስከትላሉ። ኧርል ሳዘርላንድ በ1971 የኖቤል ሽልማት ያገኘው፣ አድሬናሊን ከውጭ ሆኖ የጉበት ሕዋስን ሲያዝዝ በውስጥ የሚመረተውን ሁለተኛ መልእክተኛ፣ ማለትም ሳይክሊክ ኤኤምፒን በማግኘቱ ነው።

ሁሉም መልእክተኛ ከውጭ ይቀራል ማለት ግን አይደለም። ኮርቲሶል፣ ኢስትሮጅንና ቴስቶስትሮን በስብ ውስጥ ስለሚሟሙ ሽፋኑን አልፈው በውስጥ ካለ ተቀባይ ጋር ይጣመራሉ፤ ተቀባዩም የትኛው ዘረ-መል እንደሚሠራ ይወስናል።

«ከተቀባዩ ጋር የገጠመ ኬሚካል ሁሉ ተቀባዩን ያነቃዋል»

ይህን ስሕተት ያስፋፋው በየመማሪያ መጽሐፉ የሚገኘው የቁልፍና የጓጉንቸር ምሳሌ ነው። ምሳሌው ለጀማሪ ይጠቅማል፤ ሆኖም ቁልፉ ገብቶ ሳይዞር የሚቀርበትን ሁኔታ አያሳይም። ካፌይን ጥሩ ማስረጃ ነው። ነቅተን በቆየን መጠን አዴኖሲን የተባለ ኬሚካል በአንጎል ውስጥ እየተጠራቀመ በተቀባዮቹ በኩል የእንቅልፍ ስሜትን ያመጣል። ካፌይን በእነዚሁ ተቀባዮች ላይ ይቀመጣል፤ ነገር ግን አያነቃቸውም፣ የአዴኖሲንን ቦታ ይይዛል እንጂ። ስለዚህ ካፌይን ኃይል ይሰጣል ከማለት ይልቅ የድካሙ መልእክት እንዳይሰማ ያደርጋል ማለት ለእውነታው ይቀርባል። እንደ ቡፕረኖርፊን ያሉ መድኃኒቶች ደግሞ ተቀባዩን በከፊል ብቻ ያነቃሉ።

«ሆርሞን በበዛ ቁጥር ውጤቱም ይበዛል»

በሁለተኛው ዓይነት የስኳር በሽታ መጀመሪያ ላይ በደም ውስጥ ያለው ኢንሱሊን ብዙውን ጊዜ ከጤነኛ ሰው ይበልጣል፤ የጎደለው የሕዋሳቱ ምላሽ ነው። በላሮን ሲንድረም የተያዙ ሰዎች የእድገት ሆርሞን ተቀባያቸው በዘር በሚወረስ ጉድለት ስለተበላሸ፣ ሆርሞኑ በደማቸው ሞልቶ ሳለ ቁመታቸው አጭር ይሆናል። ሕዋስ ራሱም መልእክት ሲበዛበት ተቀባዮቹን ከሽፋኑ ላይ ወደ ውስጥ ይሰበስባል፤ አንዳንድ መድኃኒቶች በተደጋጋሚ ሲወሰዱ ኃይላቸው የሚቀንስበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

«መልእክቱ ከደረሰ ሥራው አበቃ»

መልእክቱን ማጥፋት ከማድረስ ያላነሰ ሥራ ነው። በነርቭና በጡንቻ መካከል ያለው አሴቲልኮሊን ኮሊንኤስተሬዝ በተባለ ኢንዛይም ወዲያው ይፈርሳል፤ አንዱ የኢንዛይም ሞለኪውል በሴኮንድ በሺዎች የሚቆጠሩ የአሴቲልኮሊን ሞለኪውሎችን ይሰብራል። ኦርጋኖፎስፌት የሚባሉት ፀረ-ተባይ መርዞች የሚገድሉት ይህን ኢንዛይም በማሰር አሴቲልኮሊን ሳይፈርስ እንዲጠራቀም በማድረግ ነው። የተመረዘው ሰው ምራቁ ይዝረበረባል፣ የዓይኑ ብሌን ይጠብባል፣ ልቡ ይቀዘቅዛል፣ ጡንቻው መጀመሪያ ይንቀጠቀጥና ኋላ ይዝላል። ሐኪሞች የሚሰጡት አትሮፒን ምራቁንና ሌላውን ፈሳሽ ያደርቃል፣ ልቡንም ያፈጥናል፤ ለዛለው ጡንቻ ግን አይረዳም፤ በጡንቻው ላይ ያለው የአሴቲልኮሊን ተቀባይ አትሮፒን የማይገጥመው ሌላ ዓይነት ነውና። በዚህ የተነሳ የመተንፈሻ ጡንቻዎቹ የዛሉበት ሕመምተኛ አትሮፒን ቢወስድም በመሣሪያ መተንፈስ ሊያስፈልገው ይችላል።